ያልዞረው ትሪ

የብርጓል ከባሏ ፊት ትሪ ልታነሣ ጎንበስ ባለች ቁጥር ግማሹ እንዳልተነካ ታገኘዋለች። ገብረ ክርስቶስ ሲበላ ከቀኙ ያለውን ጥርግ አድርጎ መሐል ላይ ሲደርስ፣ አጥር የገጠመው ይመስል ቀጥ ይላል። ከግራ ያለው እንጀራ እንደተነጠፈ፣ ወጡም እንደፈሰሰ ይቀራል። ከዚያ ጣቱን ይልስና «ዛሬስ አሳነስሽው» ይላታል። እሷም ትሪውን ዞር ታደርግለታለች። ያኔ «ከየት መጣ?» እንኳ ሳይል መብላቱን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ሰሞን የሚቀልድ መስሏት ስቃ ነበር። አሁን አትስቅም።

ሰውየው የሐይቅ ሰው ነው። ዘጌ ተወልዶ፣ ከቡናው ጫካ ይልቅ ውኃውን ወዶ፣ ጢም ሳያወጣ ጀምሮ በሞተር ጀልባ ሰው ሲያመላልስ የኖረ። ማዕበል ሲነሣ ተሳፋሪውን በጨዋታ እያሳቀ ዳር የሚያደርስ፣ አሮጊቶቹ «ገብሬ ካለማ እንቅልፌን እተኛለሁ» የሚሉለት ነበር። ባለፈው ግንቦት አንድ ረፋድ ከሐይቅ ተመልሶ ደጃፉ ላይ አረፍ እንዳለ፣ የያዘው ብርጭቆ ከግራ እጁ ሾልኮ ወደቀ። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ጎረቤት ተሰበሰበና «ምች ነው፤ ላቡ ሳይደርቅ ውኃ ነክቶ ነው» አለ። ዳማከሴ ተቀጠፈ። ቅጠሉን መዳፏ አረንጓዴ እስኪሆን ያሸችው፣ ጭማቂውን ያጠጣችው፣ ፊቱን የቀባችው የብርጓል ራሷ ናት። «ላብ ያወጣዋል» ተብሎ በጋቢ ተጠቅልሎ ተኛ። ባጃጅ የተጠራው በማግሥቱ፣ ግራ እግሩ አልታዘዝ ሲል ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልተቆጣም። «ስትሮክ ነው፤ የደም ግፊቱ ነው ያመጣው። ትናንት ያኔውኑ ብታመጡት ኖሮ…» አለና ቀሪውን ዋጠው። እሱ የዋጠውን ቃል የብርጓል እስከ ዛሬ ለራሷ ትጨርሰዋለች። ሲወጡ ደግሞ አስከትሎ፣ «መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ሁለተኛ ከመጣ እንዲህ አይምረውም» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ባሏ ትንሽ ዝም ካለ ተነሥታ ትንፋሹን ታዳምጣለች።

ገበያ ውስጥ የዘጌ ቡና የምትቸረችርበት መደብ ነበራት። ታማሚውን የሚያነሣ፣ የሚያጥብ፣ ለፊዚዮቴራፒ የሚያመላልስ ሰው ሲጠፋ መደቡን ለቀቀችው፤ ሌላ ሴት ያዘችው። ከአባቱ የደረሰችው የቡና መሬት በሆስፒታልና በመድኃኒት አለቀች። ሐይቅ ዳር የነበረውን ቤት ትተው ከተማው ዳር ዘንዘልማ፣ ልስኑ ገና ያልደረቀ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ልጃቸው ማኅሌት ትምህርቷን ወደ ማታ አዛውራ ቀን ቀን ሆቴል ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የጀልባው ተራ።

ጀልባው የነጂዎቹ ማኅበር ነው። አባል በተራው ይነዳል፤ ከገቢው ይካፈላል። ታሞ የቀረን አባል ማኅበሩ እስከ ገና ይጠብቀዋል። እስከዚያ አገግሞ፣ በሰብሳቢው ፊት ተሳፋሪ ጭኖ ደርሶ መመለስ ካልቻለ ተራው ደጅ ለሚጠናው ያልፋል። ያለፈ ተራ ደግሞ አይመለስም። ገብረ ክርስቶስ ይህን እያሰበ ነው እጁን ያፍታታው፣ እግሩን ያስለመደው። በኅዳር ከዘራውን ጣለ። በታኅሣሥ መባቻ፣ «ይኸው፣ እንደ ድሮዬ ሆንሁ» አለ።

አልሆነም። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ልጅ የብርጓልን ለብቻዋ ጠርታ ነግራታለች። «ዓይኑ ደኅና ነው፣ እናቴ። ግራ የሚባለውን የረሳው ጭንቅላቱ ነው። እሱ ራሱ ግን የጎደለው ነገር ያለ አይመስለውም። ጊዜ ሊያሻሽለው ይችላል፤ እስከዚያው መኪናም ጀልባም እንዳይነዳ።» የብርጓል ይህን ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ተራው ያኔውኑ ያልፋል። ዝም ብትል ደግሞ… ይኸኛውን እስከ መጨረሻው አስባው አታውቅም። ወደዚያ ስትጠጋ ሐሳቧ ራሱ ይሸሻል።

አንድ ጠዋት ጓደኞቹ «እጅህን አፍታታ» ብለው ጀልባዋን ለቀቁለት። የብርጓል «ልየው» ብላ አብራው ገባች። ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ነበር። ገብረ ክርስቶስ መሪውን ሲይዝ ፊቱ በራ፤ ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲሆን አላየችውም። ግን ጀልባዋ ከዳሩ እየራቀች፣ ወደ ቀኝ ወደ ሰፊው ውኃ አዘነበለች።

«ትስባለች» አለ። «ሞተሯን ማን ነካክቷት ነው?»

«ወደ ግራ መልሳታ።»

መለሳት፤ አበዛውም። ከግራ በኩል አንድ ሰው የደንገል ታንኳ ላይ ፍልጥ ከምሮ ይመጣ ነበር። ታንኳ ከውኃው እምብዛም ከፍ አይልም፤ ቢሆንም ጠዋት በዚያ ብርሃን ማንም ያየዋል። ሰውየው ቀዘፋውን አቆመ። ቀጥሎ ተነሥቶ ቆመ። መቅዘፊያውን በሁለት እጁ አንሥቶ አውለበለበ። ገብረ ክርስቶስ ወደ ፊት እያየ ያፏጫል።

 የብርጓል ልትጮህ ስትሞክር የወጣላት «ገብርኤል!» የሚል ብቻ ነበር፤ አገጩንም ይዛ ወደ ግራ ጠመዘዘችው። ያኔ አይቶት መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። ጀልባዋ ያስነሣችው ማዕበል ታንኳውን ወደ ላይ አንሥቶ ፈጠፈጠው፣ ፍልጡ ግማሹ ውኃ ውስጥ ገባ፣ ሰውየው ግን ደንገሉን አቅፎ ተረፈ።

«ዓይንህን ለቁራ አበድረኸው ነው የመጣኸው፣ አንተ!» ሲል ሰሙት።

«ከየት መጣ?» አለ ገብረ ክርስቶስ። «እንደ ጉማሬ ከሥር ነው እንዴ ብቅ ያለው?» ሊስቅ ሞከረ። ሣቁ መሐል ላይ ቆመ፤ ጀልባዋን ወደ ዳር አዞራት።

ዳር ደረሱ። ገመዱን ካሰረ በኋላ ሳያያት ተናገረ።

«የሙከራው ቀን አብረሽኝ ተሳፈሪ። ከግራዬ ተቀመጪ። የምትጸልይ ሴት ማን ይጠረጥራል? አንድ ነገር ካየሽ ገብርኤልን ጥሪ፤ እኔ እዞራለሁ።»

«እስከ መቼ እንዲህ?»

«ተራው በእጃችን እስኪጸና።»

ከዚህ የበለጠ አላመነላትም፤ እሷም አልገፋችውም። እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ ግን እንጀራ ስትቆርስም፣ ልብስ ስታጥብም የሚታያት ያ መቅዘፊያ ሆነ፤ ሁለት እጅ ያነሣው፣ ማንም የማያየው።

ቀኑ ደረሰ። ወደቡ ላይ የጠበቃቸው የማኅበሩ ሰብሳቢ ሸረፈዲን ነው፤ ከገብረ ክርስቶስ ጋር አብሮ አደግ፣ ወፍራም፣ ጨዋታ የማያልቅበት ነጋዴ። ጀልባዋ ውስጥ የዱቄት ጆንያና የጧፍ ካርቶን ተደርድሯል። ነጠላ ያጣፉ ዲያቆናት እየተገፋፉ፣ እየተሳሳቁ ይገቡ ነበር።

«ገብሬ፣ ዕድልህ ነው» አለ ሸረፈዲን። «ዛሬ ለክብራን ገዳም ነው። የታኅሣሥ ገብርኤልን ዕቃ ትወስዳለህ፤ አገልጋዮቹንም። አባ ፅጌ ማርያም ከፊት ይቀመጣሉ።»

«ለዘጌ አልነበር እንዴ?» አለች የብርጓል።

«የዘጌውን ሌላው ወሰደው። ምነው?»

«እኔም አብሬ ልሄድ ነበር።»

ሸረፈዲን ሣቀ። «ክብራን ሴት እንደማይወጣ እኔ እስላሙ ልንገርሽ እንዴ፣ እህቴ? አባ ገና አንቺን ሲያዩ ተመልሰው ይወርዳሉ።»

«ከጀልባው አልወርድማ። እዚያው እቀመጣለሁ።»

«ቦታስ የታለ? ዲያቆን ዲያቆን ላይ ተቀምጦ። እስኪመለስ ሻይ ጠጪ፤ ባልሽን ውኃ አይበላብሽም።»

የብርጓል ወደ ባሏ ዞረች። «ግድ የለሽም» አላት ጮክ ብሎ፤ «መንገዱን እጄ ያውቀዋል።» የነጠላዋን ጫፍ ግን በጣቶቹ ጨብጦ ይዞት ነበር፤ አልለቀቀውም። ወዲያ ማዶ ከዳሩ ደንገል መሐል ታንኳዎች ለገበያ ተከታትለው ይወጣሉ። የሚወጡት በግራ በኩል ነው።

«ና መጀመሪያ ቅመስ» አለ ሸረፈዲን። «መድኃኒትህን በባዶ ሆድህ ልትወስድ ነው?» ጾም ቢሆንም የነፍስ አባቱ ስለ መድኃኒቱ በጠዋት እንዲበላ ፈቅደውለታል። ወደቡ ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ገቡ። ለገብረ ክርስቶስ በያይነቱ መጣለት፤ ሸረፈዲን ሻይ ብቻ አዘዘ። የብርጓል እንደ ልማዷ ከባሏ በስተግራ ተቀመጠች፤ እጇም እንደ ልማዱ የትሪውን ጠርዝ ያዘ። ማንም ሳያይ ማዞሩን ተክናበታለች፤ ነጠላዋን የምታስተካክል ይመስላል እንጂ።

ገብረ ክርስቶስ ባርኮ ጀመረ። ምስሩን በላ። ሽሮውን በላ። ከውጭ የዲያቆናቱ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ መዝሙር ሲያነሣ ሌላው ያበላሽበታል፣ ይሣቃሉ። ገና ድምፁ የጎረነነ ልጅ አለበት። የብርጓል ያንን ድምፅ እየለየች አዳመጠችው። እናቱ ዛሬ ጠዋት ነጠላውን አጥባ አድርቃ ሰጥታው ይሆናል። ዘንዘልማ ያለችው ክፍል ታየቻት፣ ኪራይ ጠያቂው በር ላይ ቆሞ። ማኅሌት ታየቻት፣ ጣቶቿ በሳሙና ተጨማደው። መቅዘፊያውም ታየ።

እጇን ከትሪው ጠርዝ አነሣች። ነጠላዋ ሥር ከተተችውና በሌላው እጇ ጨበጠችው፤ እንዳያመልጣት።

«ጎመን አላደረጉበትም?» አለ ገብረ ክርስቶስ።

ጎመኑ ከግራ እጁ አጠገብ ተከምሯል፤ ትኩስ ነው፣ ይተናል።

«አትቀልድ» አለ ሸረፈዲን እየሣቀ።

«ምን እቀልዳለሁ? ምስርና ሽሮ ብቻ ነው የሰጡኝ። ለሰው አይነግሩም እንዴ።» የመጨረሻዋን ጉርሻ ዋጠ፣ ጣቱን ላሰ። «አለቀ። በል እንሂድ፣ አባ እንዳይቆጡን።»

የሸረፈዲን ብርጭቆ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። ትሪውን አየ፤ ግማሹ ባዶ ነው፣ ግማሹ በጎመን፣ በድንችና በክክ ሞልቷል። ገብረ ክርስቶስን አየ። ከዚያ የብርጓልን አየ። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። 

ሸረፈዲን ብርጭቆውን አስቀመጠ። በአንድ ጣቱ፣ ቀስ ብሎ፣ ትሪውን አዞረው።

ጎመኑ ዞሮ መጣ። ገብረ ክርስቶስ ሊነሣ ጠረጴዛውን ተደግፎ ነበር፤ እንደተደገፈ ቀረ። ቤቱ ሳለ ምግቡ ሲመጣለት ይበላ ነበር እንጂ አይገርመውም። አሁን ግን እዚያ ላይ የሌላ ሰው ጣት አየ። አንገቱን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ፈለገ፣ አለፋት፣ ተመልሶ አገኛት።

«እጅሽ የት ነበር?» አላት።

«እዚሁ ነበር» አለች።

 ሸረፈዲን፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የጠየቀው እሷን ነው።

«ከታመመ ጀምሮ።»

«እኔ እነዚያን ልጆች ልጭንበት ነበር።» አልጮኸም፤ ለራሱ የሚናገር ይመስላል። ተነሥቶ ወጣ። ሌላ ነጂ በስም ሲጣራ ተሰማ። ሲመለስ አልተቀመጠም። «ነገ ለማኅበሩ እነግራለሁ፣ ገብሬ። ለቤተሰቡ አንድ ነገር አስቡ ብዬ እለምናለሁ፤ ይሰሙኛል አልልህም። መሪ ግን ከእንግዲህ አትነካም። ወላሂ፣ እኔ እያለሁ አትነካም።»

 ከወደቡ ሞተሩ ሲነሣ ገብረ ክርስቶስ ጆሮውን ቀሰረ። «ጋዝ አበዛባት» አለ። «ገና ሳትሞቅ።» ድምፁ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ፤ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ከመቀመጫው አልተነሣም።

በእግራቸው ነው የተመለሱት፤ ለባጃጅ የሚሆን አልያዙም። የብርጓል ከግራው ሆና ትሄዳለች። ምን እንደሚላት ጠበቀች። ነገ ገበያ ወጥታ መደብ ብትጠይቅ፣ ማን ይሰጣታል? ቢሰጧትስ፣ እሱን ማን ይጠብቀዋል? ብቻውን መንገድ ቢወጣ፣ ያ ሐኪም ያለው ሁለተኛው ቢመጣ፣ ከማን እጅ ላይ ይወድቃል? ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ሌላ ይወልዳል። አንድ ነገር ብቻ ቀሎላታል፤ ያ መቅዘፊያ ከዓይኗ ወርዷል። ለዚህ የከፈለችውን ደግሞ ገና አላወቀችውም።

ዋናው አስፋልት ጋ ሲደርሱ ገብረ ክርስቶስ ቆመ። ከፊቱ ያለውን ባዶ መንገድ አየ።

«የብርጓል፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ወደዚህ፣ ወደማይሽ በኩል ነይ።» ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። የፈራ ሰው ነበር።

ከግራ በኩል ባጃጆች ተከታትለው ይከንፉ ነበር። እሱ አንዱንም አያይም ነበር። የብርጓል ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«መጀመሪያ እንሻገር» አለችው። «ከተሻገርን እመጣለሁ።»