የምራቴ ሽርጥና ነጩ ብናኝ

ምራቴን ላምዱዋንን የጠረጠርኳት ጥቁር ሽርጧ ላይ ነጭ ብናኝ ያየሁ ቀን ነው። እሷ ግቢውን አቋርጣ ስትሄድ እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ሩቁን እንደ ጭልፊት ነው የማየው።

ሁለታችንም የሐር ትል እናረባለን፤ ትሎቹ ክንፍ ሲያወጡ የእሳት እራት ይሆናሉ። የሷ እራቶች ጉሎ ቅጠል በልተው ያደጉ፣ መዳፍ የሚያህሉ ቡናማዎች ናቸው፤ ከክንፋቸው የሚራገፈው ብናኝም ቡናማ ነው። የኔዎቹን የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ብቻ ነው ያሳደጋቸው። ነጫጭ ናቸው፣ ክንፍ እያላቸው መብረር አይችሉም። ታዲያ ነጩን ከየት አመጣችው? እራቶቼን ከማኖርበት ሰፌድ ነዋ!

ነገሩ ቀድሞም ሸቶኛል። የኔ ትሎች ሐሩ እንዲመዘዝ በፈተሉት ጎጆ ውስጥ ከነነፍሳቸው ይቀቀላሉ። የሷዎቹ ግን ጎጇቸው አፉ ክፍት ስለሆነ ክንፍ አውጥተው ይሄዳሉ፣ ሐሩም ይተርፋል። የመንደሩ መነኩሴ የሷን «ኃጢአት የሌለበት ሐር» ካለላት ወዲህ አንገቷ ቀና ብሏል። ባለፈው ዙር የእራቶቼ እንቁላል ደግሞ ግማሹ ሳይፈለፈል ቀረ። ቢጫ ሐር የሚሰጠው የእናቴ ዘር በመንደሩ የቀረው እኔ ጋ ብቻ ነው። የአሁኑም ከከሸፈ አለቀለት።

ገበያ ሄድኩ ብዬ ወጣሁና ከሩዝ ጎተራው ጀርባ ተደበቅሁ። ብዙም ሳትቆይ ሰፌዶቼ ያሉበት ክፍል ገባች። ተከተልኳት፤ እጇ ሰፌዴ ውስጥ ነው!

«ያዝኩሽ! የእናቴን ዘር ልታጠፊ!»

«እማ፣ ይስሙኝ...»

«ምኑን ነው የምሰማሽ? በዓይኔ በብረቱ አየሁሽ እኮ!»

ወደ ሰፌዱ ዞረች። ከዚያ ሁለት እራቶች መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ፊቴ አመጣች።

«ወንዱ የቱ ነው?»

«ትቀልጃለሽ? አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እኮ ነው የማጣምራቸው።»

«ይንገሩኛ።»

ወንዱ ቀጭን ነው፣ ሴቷ ሆዷ የተነፋ፤ ሕፃን ይለየዋል። ጎንበስ አልኩ። ሁለት ነጭ ጭጋግ ብቻ። እጇን ገፋ አደረግሁ፣ መልሼ ሳብኩ።

«ይሄ» አልኩ በግምት።

«ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ እማ። ዛሬ ጠዋት እርስዎ ያጣመሯቸው ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «ያለፈውም የከሸፈው በዚሁ ነው። ስለዚህ አሁን እርስዎ ዘወር ሲሉ አንዷን አንስቼ ወንድ እተካለሁ። እንዳያፍሩ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

ሰው ሰምቶ እንደሆነ ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። 

«ለልጄ ነግረሽዋል?»

«ለማንም አልተናገርኩም።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ሰፌዱን ወደ እሷ ገፋሁት።

«መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አልኳት። «የእናቴ ዘር ነው። ከእንግዲህ ያንቺ ነው።»