የሀብትነሽ መንጠቆ

ሀብትነሽ የቢቸና ልጅ ናት፤ ሞጣ ያገባች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ነገር አይደለም። የሞጣን ሰው በንግድ ማን ይችለዋል! ዓሣ ላይ ሲሆን ግን መንጠቆውን ከሱቅ ገዝቶ፣ ትል ሰክቶ፣ ቁጭ ነው። የሀብትነሽ አባት አቶ አካለ ወልድ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜ ልካቸውን ሱሃ ወንዝ ላይ ያጠመዱ ሰው ነበሩ። «አዲስ መንጠቆ እንደመጣ ውሃ አይገባም፤ ሙሽራስ ሳትታጠብ ሳትኳል ከቤት ትወጣለች?» ይሉ ነበር። ጣቷ ቀጭን ስለሆነ መንጠቆ ማበጀቱን ለእሷ አስተማሯት።

ፋንታን ስታገባ ሞያዋን ይዛ መጣች። እሷ ታበጃለች፣ እሱ ዓባይ ወርዶ ያጠምዳል። የገብርኤል ማኅበር ተራው በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ነበርና፣ በነቢያት ጾም የማኅበሩ ሰው የሚበላው የፋንታን ዓሣ ነው። «የፋንታ መንጠቆ እኮ» እያሉ ሲያወሩ ሀብትነሽ በሆዷ ትስቃለች። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል፤ ምን ከፋት?

በስልሳ ዘጠኝ የሚሊሺያው ጥሪ መጣና ፋንታ ዘመተ። መጀመሪያ ወሬው ይሰማ ነበር። ኋላ ጠፋ። ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ፤ ከግንባር የተመለሰውን ሁሉ ብትጠይቅ አየሁት የሚል የለም።

በኅዳር የማኅበሩ ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመሩት አቶ ከፋለ፣ የፋንታን ታናሽ ወንድም ደምለውን አስከትለው መጡ። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ለማለስለስ ብዙ ዞሩ።

«ልጄ፣ የታኅሣሡን ተራ እንለፈው ብለን ነበር» አሏት በመጨረሻ። «ብቻሽን ነሽ፣ ይከብድሻል። ከርሞ ደግሞ በደምለው ስም እናዞረዋለን።»

ሀብትነሽ ገባት። ተራው በሌላ ስም የሚዞርበት የሞተ ሰው ነው። ተራው ታለፈ ማለት ፋንታ ተቀበረ ማለት ነው፤ ሬሳ ሳይኖር፣ ሙሾ ሳይወርድ፣ እንዲያው በዝምታ።

«አይታለፍም» አለች። «ፋንታ ዘመተ እንጂ መቼ ሞተ? እንደ ወትሮው ዓሣ ይቀርባል።»

«ዓሣውን ማን ያመጣዋል?»

«እኔ። ዓሣ ያላቀረብሁ እንደሆን ያን ጊዜ ለፈለጋችሁት አዙሩት።»

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች። እንደ አምናው ሽሮ ብላ ብትናገር ማን ይከለክላት ነበር! ግን የወጣ ቃል አይመለስም፣ እሷም የምትመልስ ሴት አይደለችም።

ችግሩ ዓሣ ማግኘቱ ብቻ አልነበረም። ለትል የሚመጣው አምባዛ ነው፤ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውምና ካህናቱ አይቀምሱትም። ቅርፊት ያለው ነጩ ዓሣ ትል አያታልለውም። የሚሮጥ ነገር ሲያይ ነው የሚያሳድደው። ለሱ መንጠቆው መበጀት አለበት።

ከሱቅ የገዛቻቸውን መንጠቆዎች ሎሚ ጭማቂ ውስጥ ዘፍዝፋ አሳደረች። በታኅሣሥ ውሃው የጠራ ስለሆነ የአዲስ ብረት ብልጭታ ዓሣ ያባርራል። ጠቁረው ሲወጡ ጫፋቸውን በሞረድ አሹላ በአውራ ጣቷ ጥፍር ሞከረቻቸው፤ የሚያንሸራትተውን መልሳ ሞረደች፣ የሚይዘውን ለየች። ቀጥሎ እርሳስ። የፋንታን ጠብመንጃ ቀበሌው ቢወስደውም ያረጁ ጥይቶች ቀርተው ነበር፤ የጥይቶቹን እርሳስ በገል አቅልጣ በየመንጠቆው አንገት ላይ ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል ራስ አፈሰሰችበት። በላዩ የፍየል ጠጉር፣ መሐል መሐሉ የቀይ አውራ ዶሮ ላባ ጣል አድርጋ፣ ራሷ በፈተለችው ሰም በነካው ክር ጠፍራ አሰረች።

ደምለው ፍሙን እያራገበ ይስቅባታል። «እታለም፣ ዓሣው ጠጉር ሊበላ ነው?»

«አንተ አራግብ! የወንድምህን ዓሣ ስትበላ አልጠየቅህ።»

ሴት ብቻዋን በረሃ አትወርድምና ደምለው አብሯት ዓባይ ወረደ፤ እያጉረመረመም ቢሆን። ሀብትነሽ መንጠቆ ስታበጅ ኖረች እንጂ ውሃ ላይ ጥላ አታውቅም። ወረወረች፤ ሳበች። አምባዛ። ወረወረች፤ አሁንም አምባዛ። ከቀትር እስከ ማታ ጢማሙን አምባዛ ስታወጣና ስትመልስ ዋለች።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ» አለ ደምለው። እሷ አልሳቀችም። እሱም ሳቁን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «ሞክረሻል እታለም። ገብርኤል አይቶልሻል። ነገ እንመለስ። ወንድሜ... ወንድሜ የለም። እኔስ ወድጄ የምለው ይመስልሻል?»

ተናደደች። በደምለው፣ በወንዙ፣ ጥሏት በሄደው በፋንታም ጭምር ተናደደች። እንዲህ ያለው መንጠቆ ስንት ዓመት ነጭ ዓሣ ያወጣ መንጠቆ ነው፤ ዛሬ ምን ነካው?

በማግሥቱ ጧት መንጠቆውን መዳፏ ላይ አድርጋ ስትመዝነው ነገሩ ተገለጠላት። መንጠቆውስ ምንም አልሆነም። ያበጀችው ለፋንታ ክንድ ነው። ፋንታ ረጅም ነው፤ አርቆ ይወረውራል፣ ፈጥኖ ይስባል። እሷ ስትስበው ያ ሁሉ እርሳስ ቀስ ብሎ ይሰጥማል፣ ከታች አምባዛው አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል።

ቢላዋውን አነሳችና እጇ ቆመ። እርሳሱን ከፋቀችው የፋንታ መንጠቆ መሆኑ ቀረ። ይህን ያህል ጊዜ ስታበጅ ለራሷ አበጅታ አታውቅም። በዚያ ላይ ይህ ራሱ የደምለውን ቃል መቀበል መስሎ ታያት።

«ሲመጣ ሌላ አበጅለታለሁ» አለች ጮክ ብላ፤ ፋቀችውም። እርሳሱን ከግማሽ በታች አወረደችው። ጠጉሩንም አሳጠረችው፤ ጠጉሩ ከጫፉ ካለፈ ዓሣው ጠጉሩን ነክሶ ይሄዳልና።

ወረወረች። አሁን መንጠቆው አልሰጠመም፤ በውሃው ወገብ ላይ እየዘለለ መጣ። ድንገት ክሩ ተወጠረና ወደ ወንዙ ጎተታት። ደምለው ዘሎ ወገቧን ባይዝ ኖሮ ትገባ ነበር። ያወጡት ዓሣ ቅርፊቱ እንደ አዲስ ብር ያበራል፣ ቁመቱ ከክንዷ ይበልጣል። ደምለው እየጮኸ ዓሣውን አቀፈው። ልብሱ ረጥቦ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ «እታለም፣ ጣዪ! ድገሚው!» ይላታል። ደገመችው። እስከ ማታ አጠመደች፤ እሱ እያረደ ጨው ነሰነሰበት።

የገብርኤል ዕለት ቤቷ ሞላ። ቄስ ወልደ ሰንበት ቆዳውን ገልበጥ አድርገው የቅርፊቱን ምልክት አዩና ባርከው በሉ። ተበላ፣ ተጠጣ።

«የፋንታ መንጠቆ ዛሬም ሠራ» አለ አንዱ።

«የእሷ ነው» አለ ደምለው። «መንጠቆውም፣ ዓሣውም። ወንድሜም ሲያጠምድ የኖረው በእሷ መንጠቆ ነው። ቆሜ አይቻለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ ሀብትነሽ ዞረ። ሌላ ሴት ብትሆን አንገቷን ትደፋ ነበር። እሷ ግን እንስራዋን እንዳቀፈች ቀና ብላ ቆመች፤ ኮራች፣ ይገባታልም።

በመጨረሻ አቶ ከፋለ ጽዋውን አንስተው የመጪውን ዓመት ተረኞች በየወሩ ይጠሩ ጀመር። በእያንዳንዱ ስም ሰው «እግዜር ያድርሰው» ይላል። ታኅሣሥ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ቀና ብለው ሀብትነሽን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታኅሣሥ፣ ፋንታ» አሉ።

«እግዜር ያድርሰው» አለ ቤቱ በሙሉ።

ሀብትነሽ አሜን ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ ግን እምቢ አላት። ደምለው ከተቀመጠበት ተነስቶ «አሜን» አለላት።