የአባባ ንጉሥ

አባባ ቬንዴሊን አያቴ ናቸው። ዓይናቸው አያይም፣ የድሮ ሳንቲም ግን በአውራ ጣታቸው ያነባሉ። በከተማችን በክሬምኒካ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳንቲም ሰብሳቢዎቹ ቢራ ቤት ይገናኙና ይጫወታሉ። አንዱ በጠረጴዛ ልብሱ ስር ሳንቲም ያቀብላል፣ ሌላው ዳብሶ የየትኛው ንጉሥ እንደሆነ ይናገራል። አባባን የሚችላቸው የለም።

ልደታቸው ደረሰና እኔ ደግሞ ብልጥ ሆንኩ። በጣም የሚወዷት፣ ዘውድ የደፋ ንጉሥ የተቀረጸባት የብር ሳንቲም ከሰል መስላ ነበር፤ አባዬ የመኪና ዝገት በሚያነሳበት ማሽን ፈተግኳት። መስታወት ሆነች። ለማን እንደምታብለጨልጭ እኔንጃ፣ እሳቸው እንደሆኑ አያዩም።

ቅዳሜ እንደ ሁልጊዜው ቢራ ቤት ወሰድኳቸውና በጨርቁ ስር አቀበልኳቸው። ዳበሱ፣ ገለበጡ፣ እንደገና ዳበሱ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ የኮት ቁልፍ ነው?»

«የራስዎ ንጉሥ ነው፣ አባባ» አልኩ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። የስኳር በሽታቸው አንድ ቀን ጣታቸውን እንደሚያደነዝዘው ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ሳንቲሟን ቶሎ ብለው ኪሳቸው ከተቱ።

ጓደኛቸው ጌይዛ ሳቀ። «የገዛ ንጉሥህን ረሳኸው? ቢራው ነው ወይስ እርጅናው?»

«ጣቴ ነው» አሉ። «በቃ፣ እሱም ሄደ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዘው «ሳንቲሞቹን ለጌይዛ እሰጣቸዋለሁ» አሉኝ። «ዘውዱም በትረ መንግሥቱም ካልተሰማኝ ምን ያደርጉልኛል?»

ጣታቸው ደህና መሆኑን አውቅ ነበር። ኪሴ ውስጥ የነበረች አንድ ዩሮ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

በጣታቸው ሄዱባት። «ሁለት አግዳሚ ያለው መስቀል። ከሥሩ ሦስት ተራራ። የእኛው የመንግሥት ምልክት ነው እንጂ…» ብለው ቀጥ አሉ። ንጉሡን ከኪሳቸው አውጥተው አሻሹት፣ ከዚያ አሸተቱት።

«ዶሮታ፣ በምን ነው የጠረግሽው?»

«በአባዬ ማሽን።»

«ዘውዱንም?»

«ዘውዱንም፣ በትሩንም፣ በእጁ የያዘውንም ሉል። እንዲያምርልዎ ብዬ ነው።»

ቢቆጡኝ ምን ነበረበት። ክንዴን መልሰው ያዙና መንገድ ቀጠልን። ደጃፋችን ስንደርስ፣

«ጌይዛ ከጠየቀሽ የአባባ ጣት ደንዝዞ ነው በይው» አሉኝ። «ሳንቲም ፈትጎ ምስሉን ያጠፋ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ዘንድ አያስቀምጡም። አንቺ ከቀረሽ ደግሞ ማን ይወስደኛል?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጌይዛ ገና ከበር «ደንዛዛው መጣ» ብሎ ተቀበላቸው። ሁሉም ሳቁ፣ አባባም አብረው ሳቁ። እኔ ወንበር ሳብኩላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።