ፍላሹ ላይ ያለው የአባዬ ስም

ታናሽ ወንድሜን ችኩሌ ያልነው በከንቱ አይደለም። በር ሲከፍት እንኳ ከቁልፉ በፊት ትከሻው ይደርሳል። ሐኪሞቹ አባዬን ማንቁርቱ በቀዶ ጥገና እንደሚወጣና ድምፁ እንደማይመለስ ሲነግሩት ግን፣ እኛ ስናለቅስ መላ የመታው እሱ ነበር።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ መናኸሪያ በማይክሮፎን መንገደኛ ሲጠራ ኖሯል። ቤት ከገባ በኋላ አፉን ከፈተ ማለት ዘበት ነው። እማዬ "ለአገር ምድሩ ይናገራል፤ ለእኔ ሲሆን ይደክመዋል" እያለች ትቀልድበታለች። ቀልዱ ውስጥ ቅሬታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ችኩሌ እዚያው መናኸሪያ ቲኬት ቢሮ ነው የሚሠራው። ከቀዶ ጥገናው በፊት አባዬን ቢሮው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠው፤ አባዬም እሱን አስወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ለእማዬ የሚነግራትን ቀረጸ። "ከሆስፒታል ስመለስ ትስማው" አለ። እማዬ ይህን ከሰማች ጀምሮ ሆስፒታል ስትመላለስ እንኳ ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር።

አባዬ ከሆስፒታል በወጣ ዕለት ሳሎን ተሰበሰብን። ቴሌቪዥኑ ዝግ ባለ ድምፅ ዜና ያወራል። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ አጠገቡ ተቀመጠች። ችኩሌ ቅጂውን ከቢሮ የገለበጠበትን ፍላሽ ላፕቶፔ ላይ ሰካ። "አባዬ" የሚል ስም ወጣ። ነካው፤ ፋይሉ አልተገኘም የሚል መልእክት መጣ። ደጋግሞ ነካው።

ጠጋ ብዬ ሳይ ምልክቱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። ደሜ ፈላ።

"ይሄ ሾርትከት ነው" አልኩት።

"ስሙ አለ እኮ። ቢሮ ስከፍተው ይናገር ነበር።"

ስሙማ አለ። ሾርትከት ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ምልክት እንጂ ፋይሉ ራሱ አይደለም። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሲነኩት ሄዶ ዋናውን ይከፍታል፤ እሱን ብቻ ገልብጦ የወጣ ሰው የቤቱን አድራሻ ይዞ ቤቱን ትቶታል። ችኩሌ ቶሎ ለመክፈት ብሎ ፊት ለፊት ያወጣውን ምልክት ነበር የገለበጠው። አባዬ ሆስፒታል ሳለ ቢሮው አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣለት አሮጌውን ለባለሙያ ያስረከበውም ራሱ ነው። ወዲያው ደወለለት። ሰውየው ሁሉንም አጥፍቶ አዲስ ፕሮግራም ጭኖበታል፤ የድሮው አይገኝም አለ።

ያልተናገርኩት ክፉ ቃል የለም። ችኩሌ አንገቱን ደፍቶ እጁ ላይ ያለውን ፍላሽ ያያል። የእማዬ እንባ ወረደ። ያንን ማየት ከሁሉም በላይ አመመኝ።

አባዬ መጻፍ ይፈልግ ይሆናል ብዬ ወረቀትና ብዕር ሰጠሁት። መለሰልኝ። ወንበሩን ወደ እማዬ አዞረና፣ አንገቱ ላይ ባለው ፋሻ ላይ እጁን አሳርፎ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ የለም። ለማንም ያልቸኮለ ሰው ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ቀስ አድርጎ ነበር የሚያወጣው። እማዬ ዓይኗን ከአፉ ላይ ሳትነቅል አንገቷን ትነቀንቃለች።

መሃል ላይ እጇን አነሳችና አስቆመችው። ወደ እኛ ሳትዞር፣

"ቴሌቪዥኑን አጥፉልኝ" አለች፤ "አላሰማ አለኝ።"