የጨዋ ቃል

ሻምበል ጀርቬስ ኦርምሮድ ያልረገጠው አገር፣ ያልገደለው አውሬ የለም ይባላል፤ የሚለው ራሱ ነው እንጂ ማን አይቶለት! በጋ ሲሆን ደግሞ ሎክተን መንደር ተመልሶ ክሪኬት ይጫወታል፤ ያለ ደመወዝ፣ በጨዋነት። እንደ ኤሞስ ፔሎ ያሉት፣ ለደመወዝ የሚጫወቱ ቅጥረኞች ኳስ ይወረውሩለታል፤ ሜዳ የሚገቡትም በጎን በር ነው።

ኤሞስ ሰውዬውን ሲያይ ደሙ ይፈላል። ታናሽ ወንድሙ ሲላስ በደቡብ አፍሪቃው ጦርነት ከሻምበሉ ሥር ዘምቶ ሞተ። ሻምበሉ ሲመለስ፣ "ልጁ ጠመንጃውን ጥሎ ሲሸሽ ነው የተመታው" ብሎ አወራ። የጨዋ ቃል ነዋ! ቄስ ዊንተር አመኑት፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሟቾች ስም ሲቀረጽ ሲላስን አስቀሩት። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ፤ ኤሞስ የሚፈልገው ያቺን አንዲት ስም ብቻ ነው።

ያን ቅዳሜ ጨዋዎቹ ከቅጥረኞቹ ጋር ገጠሙ። ሻምበሉ ዱላውን ይዞ ቆሟል፤ መቶ ለመሙላት ሁለት ነጥብ ቀርቶታል። በወዲያኛው ጫፍ አብረውት የሚጫወቱት ራሳቸው ቄስ ዊንተር ናቸው። ኤሞስ ወረወረ። ኳሷ የዱላውን ጠርዝ ጫር አድርጋ ከኋላ የቆመው ቀላቢ እጅ ገባች። ቀጭ ስትል ሁሉም ሰማ። በቃ፣ ዱላ ነክታ የተቀለበች ኳስ ናትና ሻምበሉ ተቃጥሏል፤ ከሜዳ መውጣት አለበት።

ታዲያ በዚህ ጨዋታ ዳኛ ካልተጠየቀ አይፈርድም። ጨዋ የተባለ ግን ኳሷን መንካቱን ካወቀ ማንም ሳይጠይቅ ይወጣል። ሻምበሉ በየግብዣው የሚመጻደቀውም በዚሁ ነው። አሁን ግን ንቅንቅ አላለም።

ቀላቢው ሊጮህ አፉን ሲከፍት ኤሞስ በእጁ አስቆመው። "ማንም እንዳይጠይቅ!"

"ምን ነካህ አንተ?" አለ ዳኛው፣ ሽማግሌው ጎርሊ። "ጠይቀኝና ላሰናብተው እንጂ! እኔ እንደሆን ጆሮዬ አልደነቆረም።"

"አልጠይቅም። ጌታው ራሳቸው ይናገሩ።" ወደ ሻምበሉ ተጠጋ። "ዱላዎ ነካት ወይስ አልነካትም?"

"አንተ ባለጌ! ከማን ጋር እንደምትነጋገር እወቅ!"

"አውቄማ ነው የምጠይቀው።"

የሻምበሉ ፊት በርበሬ መሰለ። "አልነካኋትም! የጨዋ ቃሌን ሰጥቻለሁ። አሁን ወርውር፤ ሰኞ ደግሞ ሌላ ሥራ ፈልግ።"

ጨዋዎቹ እንኳ አቀርቅረው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ቄስ ዊንተር ዱላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ቀስ እያሉ መጡ።

"ጀርቬስ፣ እኔ እኮ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ" አሉ። "የዚያን ልጅ ስም ያስቀረሁት ይህንኑ ቃልህን ይዤ ነው?"

ቄሱ ወደ ኤሞስ ዞሩ።

"ሰኞ ድንጋይ ጠራቢውን አስጠራለሁ። የሲላስ ስም ይቀረጻል። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

ኤሞስ ሦስት ዓመት የናፈቀው ቃል ነበር፤ ሲመጣ ግን ይብሱን አንገበገበው።

"እናቴ ከሲላስ ጋር የዘመተ ጓደኛው የጻፈላትን ደብዳቤ ይዛ፣ ልጄ አልሸሸም ብላ ደጅዎ ላይ ተንበርክካ ነበር" አለ። "እሷን ሳያምኑ ኳስ አመኑ?"