አፍ የሚከፍተው ጣት

ሠናይት ከመምህር ይድነቃቸው ሁለመና አብልጣ የምትጸየፈው የትንሿን ጣቱን ጥፍር ነበር። የሌሎቹን ይቆርጣል፤ ያቺን ግን አሳድጓት እንደ ሻይ ማንኪያ ጎብጣለች። ያ ጥፍር ያለበት እጅ ነው እንግዲህ ከሐምሌ ጀምሮ በየቅዳሜው፣ ናይሮቢ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለው ምግብ ቤቷ፣ በገዛ ትሪዋ ላይ ሲርመሰመስ የከረመው።

ሰውየው ከየት እንደመጣ በቅጡ የሚያውቅ የለም። አንዱ ከካይሮ ነው ይላል፣ ሌላው ከካርቱም። ሠናይት የምታውቀው ባሏ ረታ ከኢስትሊ አልጋ ቤት ሻንጣውን ተሸክሞለት እንደመጣ ነው። ጊዜው የሚሌኒየሙ ዋዜማ ነበር። ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ ባንዲራ ያለበት ካናቴራ የሚያሠራበት፣ ስለ ጥንታዊነቱ የሚነግረው ሰው ካገኘ ጆሮውን የማይነፍግበት ወቅት። ለወሬ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ገበያ ከየት ይመጣል?

ትምህርቱ ይህ ነበር። የጥንት ግብፅ ካህናት ከቤተ መቅደሳቸው ጣሪያ ላይ ሆነው ሰማይን ሲከታተሉ፣ በሰሜን በኩል ያሉትን ሰባት ከዋክብት የበሬ ታፋ ብለው ጠሯቸው። በነሱ አገር ሰማይ እነዚህ ከዋክብት ስለማይጠልቁ የማይሞቱ ናቸው አሉ። በዚያው ኮከብ ስም የሚጠራ ብረትም ነበራቸው፤ የሞተ ሰው በወዲያኛው ዓለም እንዲበላና እንዲናገር በዚያ ብረት አፉን ይከፍቱለታል። እስከዚህ ድረስ እውነት መሆኑን የሠናይት ልጅ አቢግያ ኢንተርኔት ቤት ገብታ አረጋግጣለች። የቀረው ከሰውየው ሆድ የወጣ ነው። ቤተ መቅደሱ ሲዘጋ ካህናቱ ምስጢሩን ይዘው በዓባይ ሽቅብ ወደኛ መጡ፤ ብረቱ ጠፋ፤ ምስጢሩን ግን ጠላት በማይደርስበት ቦታ፣ በጉርሻ ውስጥ ደበቁት። እሱ ደግሞ ከካህናቱ በቀጥታ የወረደለት ጣት አለው። የሚያጎርሰውም የበሬ ታፋ ክትፎ መሆን አለበት።

ሠናይት ይህን ስትሰማ ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈነዳል ብላ ጠበቀች። የሳቀ የለም። ከዌስትላንድስ ቢሮው ክራቫቱን እንዳሰረ የሚመጣው ዓለምሰገድ፣ የእርዳታ ድርጅት ኢንጂነር፣ ለሌላው ዓለም የቁጥር ማስረጃ የሚጠይቀው ሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን እንደ ጫጩት ከፈተ። ይድነቃቸው አጎረሰው፤ ጣቱን ላሰ፤ በዚያው በላሰው ጣት የሚቀጥለውን ጠቀለለ። እሷም አንድ ቀን ደርሷት ነበር። ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር ነውና ዋጠችው፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ምላሷን በሎሚ ፈተገችው።

ከሁሉ የሚያቅለሸልሻት ረታ ያንን ጣት ማምለኩ ነበር። ረታ ክፉ ሰው አይደለም። ግን እዚህ አገር ስንት ዘመን ሙሉ ፖሊስ መንገድ ላይ አቁሞ ኪፓንዴ ሲጠይቀው፣ መታወቂያውን እያገላበጠ ሲያፌዝበት ኖሯል። ሲያጎነብስ የኖረን ሰው ቁመቱን የሚጨምርለት ውሸት ይጣፍጠዋል። ይህን ሠናይት ትረዳለች። መረዳቷ ግን ማቅለሽለሹን አላስቀረላትም።

አንድ ቅዳሜ አቢግያ ጠየቀች። ትምህርት ቤት ሳለች ለካምፕ ወጥተው መምህራቸው እነዚያኑ ሰባት ከዋክብት አሳይቷቸው ነበር፤ እዚህ ናይሮቢ ግን እንደ ማንኛውም ኮከብ ይጠልቃሉ። የማይሞቱ ከሆኑ እንዴት ይጠልቃሉ አለች። ይድነቃቸው ፈገግ አለና እሱ ነው እንግዲህ የተሰወረው አላት። የጨዋታው ሁሉ መደምደሚያ ይህች ነበረች፤ መልስ የጠፋበት ነገር ሁሉ የተሰወረ ይሆናል። ከዚያ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አያትና የተመረጠችው ይቺ ናት ብሎ ለረታ ነገረው። በጳጉሜን አፏ ይከፈታል፤ ከዚያ እሱ ራሱ አስዋን ይወስዳታል፤ ከቤተ መቅደሱ ጣሪያ ላይ ትምህርቱን ትቀበላለች።

አቢግያ በዚያው ሰሞን የነርስነት ትምህርት ልትጀምር ነበር። ረታ ኮሌጁ የትም አይሄድም ብሎ ፓስፖርቷን አውጥቶ ለይድነቃቸው ሰጠው። ሠናይት ቤት ውስጥ ያልተጣላችው ጥል የለም። ሴት ልጅህን፣ አልጋ ቤት ያገኘኸው ሰው፣ ብቻዋን ባሕር ማዶ ሊወስድልህ ነው? አለችው። እሱ ግን አንቺ ወጥሽን ሥሪ ብሎ መለሰላት። ልጅቷ ደግሞ ጓዳ መጥታ አለቀሰች።

“ማሚ፣ አይ ዶንት ዋና ጎ” አለች። “ግን ዳዲን ሰው ፊት ሼም እንዲይዘው አልፈልግም።”

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ሰማይ ይከፈታል የሚባልበት ቀን ቅዳሜ ላይ ዋለ። ምግብ ቤቱ በምሳ ሰዓት ጢም አለ። ክትፎውን ሠናይት ራሷ አዘጋጀች፤ ታፋውን ከተፈች፣ ቅቤውን አነጠረች፣ ሚጥሚጣውን ነሰነሰች።

ይድነቃቸው ዙሪያውን እያጎረሰ፣ እየላሰ፣ እያጎረሰ መጣ። ቅቤው በአንጓው ወርዶ የሸሚዙ እጅጌ ውስጥ ገብቷል። በጣፋጭ ሽቶው ላይ የላብ ሽታ ተደርቦበታል። አቢግያ ጋ ሲደርስ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ፣ በግራ እጁ አገጯን ያዘ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ አላት። ልጅቷ አልጨፈነችም። እናቷን አየች።

ሠናይት ትሪውን ያስቀመጠችበትን አታስታውስም። አንጓውን ይዛ ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ አዞረችው። እናት በረከቱን ልትቀድም ነው ብለው እንግዶቹ ፈገግ አሉ፤ ረታም ፊቱ በራ። እሷ ጉርሻውን ከነጣቱ አስገባችና ጥርሷን ገጠመች። ቅቤ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽቶ፣ የሰው ጨው፣ ያቺ የጎበጠች ጥፍርም በምላሷ ላይ። ሰውየው ጮኸ። ጣቱን ስትለቅለት ጉርሻውን ወለሉ ላይ ተፋችው።

ረታ ተንደርድሮ መጣ። “ያጎረሰሽን እጅ ትነክሻለሽ?” አላት።

“ክትፎው የኔ፣ እንጀራው የኔ፣ አፉ የልጄ” አለች ሠናይት ከንፈሯን በነጠላዋ እየጠረገች። “የሱ ጣቱ ብቻ ነው።”

ዓለምሰገድ የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ጀመር። ይድነቃቸው ጣቱን በናፕኪን ጠቅልሎ የዚህ ቤት አፍ ለዘላለም ይዘጋል እያለ ወደ በሩ ሄደ። አቢግያ ግን ቀድማው በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ነበር።

“ፓስፖርቴን፣ ታፋዳሊ” አለችው፣ እባክህን በስዋሂሊ።

ከኮቱ የውስጥ ኪስ አውጥቶ ሰጣትና ወጣ። እንግዶቹም እየተያዩ፣ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ፣ ለበሉት እንኳ ሳያመሰግኑ አንድ በአንድ ተከተሉት። አቢግያ ፓስፖርቷን ጉያዋ ውስጥ ከታ እናቷን አቅፋ ተንሰቀሰቀች፤ ከዚያ ፊቷን ልትታጠብ ገባች።

ሠናይትም ጓዳ ገብታ ሎሚ ቆረጠች። አፏ ውስጥ ያ ሽቶ አልለቅ ብሏት ነበር። ግማሿን ሎሚ ይዛ ስትመለስ፣ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ፣ ረታን ባዶ ወንበሮቹ መሃል ቆሞ አየችው። ልታናግረው አስባ ነበር። ሰው ነው፣ ይሳሳታል፣ ይቅር እንባባል ልትለው።

ረታ ግራና ቀኙን ገላመጠ። ጎንበስ ብሎ እሷ የተፋችውን ጉርሻ ከወለሉ አነሳ። የተጣበቀበትን ጉድፍ በአውራ ጣቱ ጠረገና ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰው። ቀስ ብሎ አላመጠው፤ ሲውጥ ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ አለ።

ሠናይት መጋረጃውን ለቀቀችው። ከእንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ትሪ እጇን እንደማትሰድ ያን ጊዜ አወቀች።