የአቶ ሀብተሥላሴ መብረቅ

አቶ ሀብተሥላሴ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ በተሰናበቱ በሁለተኛው ወር ፈረስ ገዙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አቧራ የጠጣ ፋይል ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ በኮልፌ ሁሉ ወሬው እንደ ጉድ ተወራ። እሳቸው ግን ፈረስ መመኘት የጀመሩት ያን ጊዜ አልነበረም። ቡልጋ ውስጥ የድኻ ደብተራ ልጅ ሆነው፣ በደጃፋቸው የሚያልፈውን የባላባት ፈረስ ሁሉ በዓይናቸው እየሸኙ ነው ያደጉት። አዲስ አበባ ገብተው መሥሪያ ቤት በእግራቸው ሲመላለሱም ልባቸው ኮርቻ ላይ ነበር።

ፈረሱን ያገኙት ሆለታ ገበያ ነው። መልኩ ቡላ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ የግራ ጆሮው ጫፍ ደግሞ ጎመድ ያለ ነው። ሻጩ ጆሮውን በጣቱ እያሳየ፣ «ይቺን ያደረገው የጉግስ ዘንግ ነው። ፈረሱ የአንድ ትልቅ ደጃዝማች ነበር። ስማቸውን እንዳልነግርዎ ቤተሰቡ ይቀየመኛል» አላቸው። አቶ ሀብተሥላሴ በሥራ ዘመናቸው ማኅተም የሌለው ወረቀት አምነው አያውቁም። ይህን ግን ያለ ማኅተም አመኑ። ስሙንም መብረቅ አሉት።

እውነቱን ለመናገር መብረቅ ሲሮጥ ያየ ሰው አልነበረም። ሲራመድም ቢሆን የሚያስብ ሰው ይመስላል። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን፣ መንገድ ላይ አንድ ሰው እጁን ከፍ ካደረገ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰውየው ዝንብ ሲያባርር ይሁን ወዳጁን ሲጠራ ለመብረቅ ልዩነት የለውም። አንዴ ከቆመ ደግሞ ቢኮለኩሉት፣ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት ንቅንቅ አይልም። አቶ ሀብተሥላሴ ወርደው በልጓሙ ሲስቡት ብቻ፣ እሱም ደስ ሲለው፣ ይከተላቸዋል።

«የታላቅ ቤት ፈረስ ነዋ» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ። «ሰላምታ ለምዷል። ሰው እጁን ሲያነሣለት ጥሎ ማለፍ ነውር ይመስለዋል።»

ይህንን ከሁሉ በላይ የሚያወሩት እሑድ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በታች ባለው መስክ፣ ባለፈረሶች ፈረሶቻቸውን አስረው ጨዋታ ይይዛሉ። ከማይቀሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ቦሩ ነው፤ የዚያው የቀራንዮ ገበሬ፣ ከኮርቻ ላይ የተወለደ የሚመስል ሰው። ፈረሱ ጉራቻ ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ ቦሩም ጉራቻ በነሐሴ ሙላት ወንዙን በአንድ ዝላይ እንዴት እንዳሻገረው ሳያወራ የዋለበት እሑድ የለም። ሁለተኛው ወንድይፍራው ነው፤ ኮልፌ የእህል መደብር ያለው ነጋዴ። የሱ ፈረስ ዳማ ደግሞ ጿሚ ነው።

«ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገብስ አይቀምስም። ምስክሬ ሚስቴ ናት» ይላል ወንድይፍራው።

«ገብሱን በዘጠኝ ሰዓት ስለምትሰጠው ነዋ» ይላል ቦሩ።

ሦስተኛው አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው። እሳቸውም ስለ ደጃዝማቹ ያወራሉ። ሻጩ የነገራቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ በስምንት ወር ውስጥ ግን የጉግስ ሜዳው፣ ተመልካቹ፣ የወይዛዝርቱ እልልታ፣ ዘንጉን የወረወረው ሰው ዘር ማንዘር ሁሉ ተጨምሮበት የግማሽ ቀን ወሬ ወጣው። ሲዋሹ አልነበረም። በየእሑዱ ትንሽ ትንሽ ትዝ እያላቸው ነበር።

እንዲህ እያለ የጥቅምት መድኃኔዓለም ደረሰ። ዘመኑ ስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ሦስቱ ከኮልፌ ተነሥተው በአንድነት በፈረስ ወደ ቀራንዮ ሊገቡ ተቃጠሩ፤ ቦሩም ለዚሁ ብሎ ማልዶ ወርዷል። አቶ ሀብተሥላሴ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጥቁር ካባ ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ቀና አድርገው ወጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ በር ድረስ ሸኟቸው።

«እንግዲህ መንገድ ላይ ሰላምታ እንዳይበዛባችሁ» አሉ ወይዘሮዋ፣ ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው።

ቦሩና ወንድይፍራው ቀደሙ። አቶ ሀብተሥላሴ ሌላ ጊዜ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነበር የሚመላለሱት፤ የዚያን ዕለት ግን በዓል ነውና በዋናው መንገድ ከኋላቸው በክብር እየተከተሉ የጋሪው ፌርማታ ዘንድ ሲደርሱ፣ መብረቅ ጆሮዎቹን አቆመ። ከዚያ ማንም ሳያዝዘው ከመንገዱ ወጣ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጋሪ መካከል ባለችው ክፍት ቦታ ፊቱን አዙሮ፣ ወደ ኋላ ቀስ ቀስ እያለ ገባና ተሰለፈ። አሳማሪው ነገር ደግሞ ልክ እንደ ሌሎቹ አንድ የኋላ እግሩን አሳርፎ መቆሙ ነው።

«አባባ፣ ተራዎ አይደለም!» አለ አንዱ ባለጋሪ። ፌርማታው በሳቅ ተሞላ።

አቶ ሀብተሥላሴ ኮለኮሉት። ምንም። «መብረቅ!» አሉ በጥርሳቸው መካከል። ምንም። ጥላ የያዙ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ቀና ብለው አዩአቸውና፣ «ልጄ፣ ቀራንዮ ነህ?» ብለው ጠየቁ።

«አዎን» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ ሳያስቡት።

«ታዲያ የምንቀመጥበትስ?»

በዚህ መካከል ከፌርማታው ጥግ፣ ከዳቦ ቅርጫቷ አጠገብ የነበረች አንዲት ሴት ብድግ ብላ፣ «ዳቦ! ዳቦዬ!» እያለች እየሮጠች መጣች።

«አልፈልግም እናቴ፣ ቁርሴን በልቻለሁ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

ሴትዮዋ ግን ወደሳቸው አልነበረም የምትመጣው። የፈረሱን አንገት እቅፍ አድርጋ ፊቷን ጋማው ውስጥ ቀበረች። መብረቅም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ኪሷን መፈተሽ ጀመረ።

ዋጋነሽ ትባላለች። ባሏ ገረሱ እዚሁ ፌርማታ ላይ ዘጠኝ ዓመት ጋሪ የነዳ ሰው ነበር። ዳቦ የፈረሱ ስም ነው። ገና ውርንጭላ ሳለ ማድ ቤት ገብቶ ለእንግዳ የተደፋውን ድፎ ብቻውን ስለጨረሰ ነው እንዲያ ያሉት። ገረሱ ሲታመም ዋጋነሽ የሱን ካፖርት ደርባ፣ ሰው ጉድ እያለ፣ አንድ ዓመት ያህል ራሷ ነዳች። ገረሱ ሲሞት ግን አልቻለችም። ካፖርቱንም ፈረሱንም ማየት አቃታትና ካፖርቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ፈረሱን ለሆለታ ሰው ሸጠችው። ይህን ሁሉ ቆማ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ በመካከሉም እየሳቀች ነገረቻቸው።

«ጆሮውስ?» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህቺ የጉግስ ዘንግ የነካት ጆሮ?»

«የምን ጉግስ ጌታዬ? የጎረቤታችን አህያ ናት የነከሰችው።»

አቶ ሀብተሥላሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ። ወደ ቀራንዮ አቅጣጫ ሲያዩ የቦሩና የወንድይፍራው ፈረሶች ርቀዋል፤ ምንም አላዩም። ወደ ዋጋነሽ ጎንበስ ብለው፣ «እኅቴ፣ ይህ ነገር… በእኔና በአንቺ መካከል ቢቀር?» አሉ።

«ለምን ጌታዬ?»

«የደጃዝማች ፈረስ ነው ብዬ ለሰው ተናግሬአለሁ።»

ዋጋነሽ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «እንግዲያማ እኔም ሳላውቀው የደጃዝማች ሚስት ሆኜ ኖሬአለኋ! ምነው ገረሱ በሰማ።» ከዚያም ከቅርጫቷ ቁራሽ ዳቦ አምጥታ ለፈረሱ አጎረሰችውና፣ «ይሂዱ፣ ቅዳሴው ያመልጥዎታል። ግን ‹ሞላ!› ካላሉት አይነቃነቅም። ገረሱ እጁን ላነሣ ሰው ሁሉ ያቆመው ነበር፤ ሰው ሲሞላ ነው የሚሄደው» አለቻቸው።

ስምንት ወር ሲለምኑት፣ ሲቆጡት፣ ሲጎትቱት የኖሩት ፈረስ የሚነቃነቀው በአንዲት ቃል ነበር ለካ። አቶ ሀብተሥላሴ ግራ ቀኝ አዩና፣ አፋቸውን በካባቸው ከልለው፣ «ሞላ» አሉ በሹክሹክታ። መብረቅ ወዲያው መንገድ ጀመረ።

«ኧረ እኔስ?» ሲሉ አሮጊቷ ከኋላቸው ተሰሙ።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ወንድይፍራው ምን እንዳቆያቸው ጠየቀ። «አንዲት የፈረሱ… የድሮ ዘመድ አግኝታን ነው» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አልተናገሩም። የዚያን ዕለት መስኩ ላይ የደጃዝማቹ ወሬ አልተነሣም።

ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልጥም አላቸው። በረቱ ዘንድ ይሄዱና ፈረሱን ትኩር ብለው አይተው፣ «አንተ አታላይ» ብለውት ይመለሳሉ። ሐሙስ ምሳ ላይ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሰሃኑን ወደሳቸው ገፋ አድርገው፣ «እንግዲህ ይናገሩታ፤ ምን ሆነዋል?» አሉ። አቶ ሀብተሥላሴ ዓይናቸውን ከወጡ ላይ ሳይነቅሉ ሁሉንም ተናገሩ፤ የአህያዋን ነገር ሳይቀር።

ወይዘሮዋ አልደነገጡም። «እኔማ የመጣ ዕለት ነው ያወቅሁት» አሉ።

«ምኑን?»

«የገረሱ ዳቦ መሆኑን ነዋ! ስንት ዓመት ገበያ የተመላለስኩበት ጋሪ አይደለም እንዴ? ከነጆሮው አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎዎት ነበራ» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ። «ደግሞ ሲያወሩት ያምርብዎታል። እኔን ራሴን እኮ አንዳንድ ቀን እውነት እየመሰለኝ ነበር።» ከዚያ ፊታቸው ለወጥ አለ። «እሙ ስታምጥ ሆስፒታል በምን የደረስን ይመስልዎታል?»

እሙ ልጃቸው ናት። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ አቶ ሀብተሥላሴ መዝገብ ቤት ሳሉ ነው ምጡ የመጣባት። ማታ ሆስፒታል ሲደርሱ ወይዘሮ ወለተጻድቅን የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው አገኟቸው። በምን እንደመጡ ሲጠይቁ ወይዘሮዋ «በጋሪ» ቢሉ፣ «የመዝገብ ቤት ሹም ልጅ በጋሪ!» ብለው ተቆጥተው ነበር።

«ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ታክሲ እምቢ አለ» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ። «ገረሱ ብቻ መጣ። ጅረቱ ዘንድ ጎማው ተያዘ፤ ገረሱ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ከኋላ ገፋ፤ ያ ፈረስ በጉልበቱ ተንበርክኮ አወጣን። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሮጠ። ሽቅቡን ሁሉ። ሰው መብረቅ ሲሮጥ አይተን አናውቅም ይላል፤ እኔ አይቻለሁ። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ዘግይታችሁ ቢሆን ልጁም እናቱም አይተርፉም ነበር ነው ያለው።»

አቶ ሀብተሥላሴ ተነሥተው፣ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ወደ በረት ሄዱ። ወይዘሮዋ በመስኮት ሲያዩ፣ ባላቸው ግንባራቸውን ፈረሱ አንገት ላይ አሳርፈው ቆመዋል። ወይዘሮዋም ቀልድ ጣል ሊያደርጉባቸው አሰቡና ተዉት።

እሑድ መስኩ ላይ አቶ ሀብተሥላሴ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ። ሻጩን፣ ፌርማታውን፣ አሮጊቷን፣ አህያዋን፣ የእሙን ምጥ፣ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ወንድይፍራው ስለ አህያዋ ሲሰማ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ስለ ነሐሴው ምጥ ሲሰማ ግን ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ሣር ከሱሪው ላይ ያራግፍ ጀመር።

ቦሩ ብቻ አልሳቀም። ጉራቻውን ሲያይ ቆይቶ፣ «እኔም አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ጉራቻ ወንዙን ዘሏል፤ ይህ እውነት ነው። ሲዘል ግን እኔ ላዩ ላይ አልነበርኩም።»

«የት ነበርክ?»

«ወድቄ ወዲህ ማዶ ጭቃው ውስጥ። እሱ ተሻግሮ እዚያ ሣሩን ሲግጥ፣ እኔ ድልድይ ፍለጋ አንድ ሰዓት ተጓዝኩ።»

ሁለቱ ዞር ብለው ወንድይፍራውን አዩት።

«የኔ እውነት ነው! ዳማ ይጾማል!» አለ ወንድይፍራው። እስከ ዛሬም አልተረታም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ሀብተሥላሴ ፈረሳቸውን ይዘው ወደ ኮልፌ ወረዱ። ሲመለሱ በእግራቸው ነበሩ። ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ፣ በአንድ እጃቸው ልጓሙን ይዘው ከፊት ይመራሉ፤ ኮርቻው ላይ ዋጋነሽ፣ የባሏን ካፖርት ደርባ፣ እፍረትና ደስታ እየተፈራረቁባት ተቀምጣለች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። የድሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረባቸው አንዱ፣ «አቶ ሀብተሥላሴ፣ ማንን ነው የሚያጅቡት?» ቢላቸው፣ «የፈረሱን ባለቤት» ብለው አለፉ።

መስኩ ላይ ሲደርሱ ቦሩ ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላት። ዋጋነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ ከየት እንደምትጀምር ጨነቃት፤ ከዚያ ገረሱ ውርንጭላውን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤት ይዞ ከመጣበት ቀን ጀመረች። ወንድይፍራው እንኳ ሳያቋርጣት፣ የዛፎቹ ጥላ መስኩን እስኪሸፍነው ድረስ አደመጧት።